የእማዬ ብርቱካንና የአባዬ ፓምፕ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ሥራ አስፈታኝ። ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ጀርባው ላይ ፓምፕ አዝሎ፣ አዲስ የተተከሉትን የመንገድ ዳር ችግኞች ቅጠል ይረጫል። በአንድ እጁ የፓምፑን እጀታ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በሌላው ቱቦውን ያዟዙራል። እኔ ስብሰባ ነበረብኝ፤ ረፍዶብኝም ነበር። የተበጠበጠ ኖራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

«እህት፣ ልብስሽን እንዳይነካሽ ፈቀቅ በይ» አለኝ።

«ምንድን ነው የምትረጨው?»

«እኔ እንጃ። በጥብጠው ነው የሚሰጡን። ማለቴ፣ ቅጠሉ ቢጫ ስለሆነ ነው መሰለኝ።»

ፈቀቅ አልኩ፤ ግን አልሄድኩም። ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው ሲያልፍ ዝም ብዬ ተከተልኩት። የቆምንበት ቦታ በግምት የእኛ ግቢ የነበረበት ነው። በግምት የምለው ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ልኩ ስለጠፋብኝ ነው። ድሮ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ኮረኮንች ነበር፤ እሱን ይዞ የእትዬ ዘይነባ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ግቢያቸው፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ወዲህ ደግሞ እኛ። አሁን አንዱም የለም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አግዳሚ ወንበር ሆኗል። ስብሰባውን ተውኩት። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ሳልጠራው መጣብኝ።

ብርቱካኗ እኩያዬ ነበረች። እማዬ እኔን ወልዳ አራስ ሳለች፣ ጠያቂ ካመጣላት ብርቱካን ውስጥ አንዷን ፍሬ ጣሳ ላይ ባለ አፈር ቀበረቻት። ፍሬዋ በቀለች። ከጣሳ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ግቢያችን ጥግ ተዛወረች። እኔ ጥርስ ሳወጣ እሷ ቅጠል አወጣች፤ እኔ ፊደል ስቆጥር እሷ አጥሩን አለፈች። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ሁለታችንንም እኩል ታስተዋውቅ ነበር፤ «ሁለቱም የዚያን ዓመት ናቸው» ትላለች። በዚህ ነገር ክፉኛ እቀና ነበር። እኔ ቢያንስ እላላካለሁ፤ እሷ ግን ቆማ ከመዋል በቀር ምንም አትሠራም።

ችግሩ ማፍራት ስትጀምር መጣ። ቅጠሎቿ ትንንሽና ጠባብ ናቸው፤ ሥር ሥራቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃላቸው ቢጫ ነው። ፍሬዎቿ ደግሞ ከእንቁላል ብዙም አይበልጡም፤ ልጣጫቸው ወፍራም፣ ውስጣቸው እንደ ጥጥ ደረቅ። አንድ ጊዜ አንድ ጨዋ እንግዳ ከእሷ የተቆረጠለትን ሲያኝክ፣ ሲያኝክ፣ ሲያኝክ ቆይቶ በመጨረሻ በዘዴ መሀረቡ ውስጥ ሲተፋው አይቻለሁ። እማዬም አይታዋለች፤ ግን ሻይ ልትጨምር የተነሣች መሰለች።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ አባዬ የፍራፍሬ ባለሙያ መሆኑ ነው። በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ ብርቱካን እርሻ ላይ ሠርቷል፤ እኔ ሳውቀው ግን የግብርና ቢሮ ገብቶ፣ ኮት ለብሶ፣ ወረቀት ሲፈርም የሚውል ሰው ሆኖ ነበር። እትዬ ዘይነባ ይህን ሳይቀልዱበት አያልፉም። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሲያልፍ ባዩት ቁጥር፣

«ጋሽ ታደሰ፣ ደመወዝ የሚከፍሉዎት ሰዎች ይህችን ዛፍ አይተዋታል?» ይሉታል።

«አላሳየኋቸውም፤ እንዳይነግሩብኝ» ይላል አባዬ።

ዛፏ ምን እንደጎደላት ቅጠሏን አይቶ ያውቅ ነበር። ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት አለፉ። ቤት ውስጥ ያለ ነገር እንደዚያ ነው፤ የሚሸሽ አይመስለንም።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ እማዬ መዋጥ አቃታት። መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አላት፤ ቀጥሎ ዳቦ፤ ቀጥሎ በሻይ የራሰ ዳቦ። «ጨጓራ ነው» ተባልኩ። ጨጓራ በሰፈራችን የሁሉም ሰው በሽታ ስለነበር አልደነገጥኩም። የሒሳብ አስተማሪያችንም ጨጓራ ነበረበት፤ ወተት እየጠጣ ይገርፈን ነበር። ከሐኪም ቤት የተመለሱ ቀን አባዬ ኮቱን ሳያወልቅ ብርቱካኗ ሥር ቆመና ቅጠል እየበጠሰ ሲያገላብጥ ቆየ። እኔ ስለ ቅጠል የሚያስብ መስሎኝ ነበር።

የእማዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ስንዱ፣ ልታስታምማት ከወሎ ሰፈር ልብሷን በሻንጣ ይዛ መጥታ እኛ ዘንድ ገባች። እሷና አባዬ የበሽታውን እውነተኛ ስም በር ላይ ቆመው ይንሾካሾኩት ነበር። ለበሽተኛ አይነገርም፤ እኛ ዘንድ ወጉ እንደዚያ ነው። ሐኪሙም ለባልና ለእህት ነግሮ፣ ለእሷ «እረፍት ያስፈልግሻል» ብሎ ሸኛት። እማዬም አልጠየቀችም። ሁሉም እየዋሸላት፣ እሷም ውሸቱን እየተቀበለች፣ ቤቱ በትሕትና ተሞልቶ ዋለ። ከልጅ የሚደበቀው ደግሞ ከበሽተኛ የተደበቀው ነውና እኔም ከእማዬ ጋር ከማያውቁት ወገን ነበርኩ።

ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ጠያቂ ደግሞ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። አንዱ ፌስታል ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል፤ ራስጌዋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አልበቃ ብሎ አልጋው ሥር ገባ። አክስቴ ስንዱ ጨምቃ በማንኪያ ትሰጣታለች። አንድ ቀን እማዬ ማንኪያውን በእጇ መለስ አደረገችውና፣

«የሰው ብርቱካን ሰለቸኝ» አለች። «የራሴን አንድ ቀን እንኳ ጣፍጦልኝ ብቀምሰው ምን ነበረበት?»

እየሳቀች ነው ያለችው። አክስቴም ሳቀች። አባዬ ግን አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፓምፕ ተውሶ መጣ። ከነኮቱና ከነክራቫቱ ፓምፕ አዝሎ በኮረኮንቹ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። በማግስቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ነጭ ዱቄት በባልዲ በጠበጠ። ቀጥሎ ከሌላ ባልዲ ኖራ ጨመረበት። ዱቄቱ ብቻውን ከሆነ ቅጠል ያቃጥላል አለኝ። ያ ሽታ ያን ቀን ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው።

«አባዬ፣ መድኃኒት ነው?»

«ምግብ ነው። ዚንክ ይባላል። ትንሽ ቦሮንም አለበት፤ አበባ ሳታወጣ ካገኘችው ፍሬዋ ይለሰልሳል፣ ውሃ ይይዛል።»

«ታዲያ ሥሯ ላይ ለምን አታፈስላትም?»

«መሬቱ ውስጥ ምግብ አለ እኮ። ግን ይሄ አፈር የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የልብስ እጣቢና አመድ ሲጠጣ የኖረ። ምግቡ አጠገቧ ሆኖ ሥሯ መውሰድ አቃተው። ስለዚህ በቅጠሏ እናጎርሳታለን።»

«ቅጠል ይበላል?»

«ይበላል። ትንሽ ትንሽ። ግን ስስታም ነው፤ አንዱ የበላውን ለሌላው አያካፍልም። ያልነካሽው እንደተራበ ይቀራል። ስለዚህ ላዩንም ታቹንም ማርጠብ ነው።»

እየረጨ ዛፏን ዞራት። እኔ ቱቦው እንዳይጠማዘዝ ከኋላ እይዝለታለሁ። እማዬ በመስኮት ታየናለች። አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ እትዬ ዘይነባ ግቢ ገብቶ ነበር፤ ከሥሩ የውሃ በርሜላቸው ተቀምጧል። አባዬ ቱቦውን ወደዚያ አነሣና መልሶ አወረደው።

«የሰው ውሃ ላይ አይረጭም።»

«በርሜሉን ይክደኑልን ልበላቸው?»

«ተይ፣ በጠዋት ሰው አይቀሰቀስም። ደግሞ መርዝ ነው ብለው ቢሰጉስ? ለመጠጥ የያዙት ውሃ ነው። አይሆንም።»

አባዬ እንዲህ ነበር። በይሉኝታ ምክንያት ታክሲ ውስጥ መውረጃው ሲያልፈው ዝም ብሎ እስከሚቀጥለው ፌርማታ የሚሄድ ሰው ነው። አበባዋ ረግፎ ጎመን ዘር የምታህል ፍሬ ስትቋጥር ሁለተኛ ረጨ፤ ያኔም በርሜሉ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ አባዬም አልጠየቀም።

ሰኔ ሲገባ የወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ሰፋፊና ጥቁር አረንጓዴ ነበሩ። አባዬ አንዱን ቆርጦ ለእማዬ አመጣላት፤ እጇ ላይ አስቀምጣ ስታሽተው ቆየች። እኔም አንድ ነገር ገባኝ። የገባኝ ነገር በጣም ግልጽ ስለነበረ ትልልቆቹ እንዴት እንዳላዩት ገረመኝ። እማዬም ምግቡ ቤት ውስጥ አለ፤ አልጋዋ ሥር ሳይቀር አለ፤ ግን መውሰድ አልቻለችም። ዛፏ በቅጠሏ ከበላች እማዬ ለምን በቆዳዋ አትበላም?

አክስቴ ስንዱ ገበያ የሄደች ዕለት ብርቱካን ቆረጥኩና በጎድጓዳ ሳህን ጨመቅኩ። ስኳር ጨመርኩበት። እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ክንዷን መቀባት ጀመርኩ። ክንዷ ቀጥኖ ነበር፤ አምባሯን ከፍ ሳደርገው ያለ ችግር እስከ ክርኗ ወጣ።

«ምን እያደረግሽኝ ነው?» አለችኝ ዓይኗን ገልጣ።

«እያበላሁሽ ነው። ዝም በይ፣ እንዳይፈስ።»

ዝም አለች። ጭማቂው በክንዷ እየወረደ አንሶላው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ በመዳፌ እያሸሁ መልሼ አወጣዋለሁ። ትንሽ ቆየችና እጇን ገልብጣ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«ታቹንም አትርሺ» አለችኝ። «አባትሽ ላዩንም ታቹንም ነው ያለው።»

ለካ በመስኮት ስታየን ስትሰማንም ነበር። መዳፏን ቀባሁት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀባሁ። አክስቴ ስንዱ ስትመለስ አንሶላው ተጣብቆ፣ ዝንብ ገብቶ፣ እኔ እስከ ክርኔ ስኳር ሆኜ አገኘችን። ጮኸችብኝ። እማዬ ግን፣ «ተያት ስንዱ። ምሳ በላሁ» አለች። እኔ አመንኳት። ማታ ጠግባ የተኛች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እማዬ ስትቃትት አይሰማም፤ ለዚህ ይሆናል አባዬ ዝናብ ሲያባራ የሚከፋው። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉላት። ውጭ ፍሬው እየወፈረ፣ ውስጥ እሷ እየቀጠነች፣ መሃል ላይ መስታወቱ ብቻ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ ዛፏ ጋ ሄጄ አንዷን ፍሬ በጭብጤ እለካለሁ፣ ከዚያ ገብቼ «ዛሬ ከእጄ ልትበልጥ ነው» ብዬ ለእማዬ እነግራታለሁ። መናገር ሲያደክማት ቅንድቧን ከፍ ታደርግልኛለች።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እትዬ ዘይነባ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው ጠዋት መጡ። ነጠላቸው ጫፍ ውስጥ አንዲት ብርቱካን ጠቅልለዋል።

«በእኔ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ቀድሞ ቀላ ብሏል» አሉ። «የመጀመሪያዋን እሷ ትቅመሳት ብዬ ነው። ይኸው፣ ደረሰልዎት ጋሽ ታደሰ።»

አባዬ በሁለት እጁ ተቀበላት። ለእማዬ ሳያሳይ ወደ ኩሽና ወሰዳት፤ እኔና አክስቴ ስንዱ ተከተልነው። ቢላውን አንሥቶ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ለሁለት ከፈላት። ልጣጯ የጣት ውፍረት አለው። ውስጧ ነጭ፣ ደረቅ። በአውራ ጣቱ ተጫናት፤ ጠብታ አልወጣም።

«አልሠራም» አለ።

«ሌላ ቆርጠህ እይ እንጂ» አለችው አክስቴ ስንዱ። «አንዷን አይቶ እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ከአንድ ዛፍ አይደል?»

ቅጠል ስስታም ነው ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ባለሙያ ነው። ቢሮው ሆኖ ሌላ ሰው ይህን ቢጠይቀው፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደተረጨ፣ የትኛው እንዳልተረጨ ለይቶ ይነግረው ነበር። ያን ቀን ግን ኩሽናው ውስጥ የቆመው ባለሙያው አልነበረም። ሚስቱ እየሞተችበት ያለ ሰው ነበር። ሌላ ብርቱካን ለመክፈት ድፍረት አልነበረውም። ሁለቱን ግማሾች በጋዜጣ ጠቅልሎ ጣላቸውና እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ።

ታኅሣሥ ላይ በመስኮቱ በኩል ያለው ፍሬ ሁሉ ቢጫ ሆነ። እማዬ ቀኑን ሙሉ ታየዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ፣

«ታዴ» አለችው። «አልደረሰም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደ አባዬ ዞረ። የዛፏን ነገር የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ አክስቴ ስንዱ ለሁሉም ነግራቸዋለች።

«ደርሷል» አለ አባዬ። «ዛሬ ላወርድልሽ ነበር እኮ።»

ወጣ። እኔም ከኋላው ወጣሁ። በመተላለፊያው ሲያልፍ፣ እትዬ ዘይነባ የዚያን ቀን ጠዋት ከአትክልት ተራ ካመጡት ፌስታል ውስጥ ትልቋን መርጦ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከት አየሁት። ከዚያ ግቢው ውስጥ ዛፏ ሥር ሄዶ፣ እማዬ በመስኮት ልታየው በምትችልበት በኩል ቆመ። እጁን ወደ ቅጠሉ ውስጥ አስገባ። እንደሚመርጥ ሰው አመነታ፤ አንዱን ነካ፣ ተወ፣ ሌላውን ነካ። ከዚያ ብርቱካኗን ከፍ አድርጎ በመስኮቱ አሳያት። እኔን ሲያየኝ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት።

አልጋዋ ላይ ተቀምጦ ላጣት። ጭማቂው ጣቶቹ ላይ ፈሰሰ፤ አንድ ማንኪያ ሰጣት። እማዬ አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስትገልጠው መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ፊቴን ዞር አደረግኩ፣ ለምን እንዳዞርኩ አላውቅም። ከዚያ እሱን አየችው።

«ታዴ።»

«ወይ።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

ቀጥላም «ለሁሉም ስጣቸው፤ ብርቱካኔን ይቅመሱልኝ» አለች። አባዬ እየዞረ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ቁራጭ ሰጠ። እትዬ ዘይነባ በእጃቸው የያዙትን ቁራጭ አዩት። በገዛ እጃቸው መርጠው ያመጡት ብርቱካን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ጎረሱና፣

«ይሄማ ማር ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ በጋሽ ታደሰ አልቀልድም። እኔ በሱቄ እንዲህ ያለ ሸጬ አላውቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዬም ሳቀች፤ በጣም ደካማ ሳቅ ነበር፣ ትከሻዋ ብቻ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስትስቅ አላየኋትም። አውቃለች ወይስ አላወቀችም የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነሣሁት እንጃ። አንዳንዴ ያወቀች ይመስለኛል፤ ደስ ያለው እሱ ይሁን ብላ ነው ያን ያለችው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አላወቀችም፣ ደስ ብሏት ነው የሄደችው እላለሁ። የሚሻለኝ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ገና ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማለዳ፣ የአክስቴ ስንዱ ጩኸት ቀሰቀሰኝ።

የቀብሩን ቀን ብዙም አላስታውሰውም። ጥቁር ቀሚስ ከጎረቤት ልጅ ተውሰውልኝ ክንዱ ይይዘኝ እንደነበረ አስታውሳለሁ። እድርተኛው ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ተከለ፤ ቦታው ስለጠበበ አንዱን ገመድ ብርቱካኗ ግንድ ላይ አሰሩት። ነፋስ ድንኳኑን ሲገፋው ገመዱ ዛፏን ይነቀንቃታል፤ አልፎ አልፎ ፍሬ ዱብ ይላል። የሚያነሣው ግን የለም።

በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኔ መግቢያው አጠገብ፣ ዛፏ ሥር፣ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። እትዬ ዘይነባ መጥተው አጠገቤ ዝቅ አሉ።

«እህል በአፍሽ አልዞረም አሉኝ። ከንፈርሽ ደርቋል የኔ ልጅ። ነዪ እስቲ፣ ይቺን እንኳ አርጥቢበት።»

እግራቸው ሥር የወደቀችውን አንሥተው በነጠላቸው ጠረጉና ላጡ። አንድ ቁራጭ አጎረሱኝ።

ጣፋጭ ነበረች። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ ቀጭኗ ሽፋን ጥርሴ ሲነካት ፈነዳችና አፌን ሞላችው። ጭማቂዋ በአገጬ ወርዶ የሰው ቀሚስ ላይ ተንጠባጠበ።

«ከሱቅዎ ነው ያመጧት?» አልኳቸው።

«የት ሄጄ ላመጣ? አሁን ከዛፉ ወድቃ እኮ ነው ያነሣኋት፣ እያየሽኝ።» ይህን ብለው እሳቸውም የቀረችውን ቀመሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ሁለታችንም ቀና ብለን ዛፏን አየን።

እኔ ብድግ አልኩ። የተረፈችዋን ከእጃቸው ነጥቄ፣ በተቀመጠው ሰው እግር መሃል እየተሹለከለክኩ፣ ድንኳኑ ውስጥ አባዬ የተቀመጠበት ደረስኩ።

«አባዬ!» አልኩት። «ዚንኩ ሠርቷል! ብርቱካኗ ጣፍጣለች! እየው፣ ቅመሳት!»

ዓመቱን ሙሉ የፈለገው ይህን ነበር፤ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ለአንድ አፍታ፣ ለማን እንደፈለገው ረስቼው ነበር።

በዙሪያው ያሉት ወንዶች አንገታቸውን ደፉ። አባዬ ከእጄ ተቀበለና ጎረሰ። ቀስ ብሎ አኘከ፣ ዋጠ። ሌላ ቁራጭ ጎረሰ። አክስቴ ስንዱ ልትወስደኝ ከሴቶቹ በኩል ተነሥታ መጣች፤ አባዬ ያናገረው እሷን ነው።

«ያን ቀን የከፈትኳት የአጥሩ ማዶዋ ናት» አላት። «ያን ቅርንጫፍ አልረጨሁትም ነበር ስንዱ። የረጨሁት ይሄኛው ነው። ደርሶ ነበር። በመስኮት እያየችው ደርሶ ነበር።»

«ተው ታደሰ። ተው ወንድሜ፣ ሰው አለ።»

«የሰው ብርቱካን ሰጠኋት እኮ።»

ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልከለከለውም። ዛፏ ሥር ቆሞ የደረሰበትን ሁሉ በሁለት እጁ እያወረደ ጋቢው እቅፍ ውስጥ ሞላ፤ ቅርንጫፎቹ ሲለቃቸው ወደ ላይ ይመለሳሉ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ከመጀመሪያው አግዳሚ ጀመረ። ለእያንዳንዱ ሰው እየላጠ ሰጠ። ሐዘንተኛ ቁሞ ሲያስተናግድ ነውር ነው፤ ግን ያን ቀን «ተቀመጥ» ለማለት የደፈረ አልነበረም።

«የእሷ ናት» ይላል። «ቅመሱ።»

ሰውም ከመቀመጫው ከፍ እያለ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይጎርሳል። አባዬ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይጠብቃል። ልቅሶ ቤት የቀረበ ነገር ጣፈጠ አይባልም፤ ይበላል፣ ዝም ይባላል። አባዬ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

«እንዴት ነው?» ይላል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» ይሉታል።

ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይልጣል፣ ይሰጣል፣ ይጠብቃል። «እንዴት ነው?» «እግዚአብሔር ያጽናህ።» የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ የእድሩ ዳኛ፣ የሒሳብ አስተማሪዬ፣ ሁሉም ያንኑ አሉት። መጨረሻ ላይ መግቢያው አጠገብ የቆሙት እትዬ ዘይነባ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ሲቀበሉት እኔ ከልቤ ተስፋ አደረግኩ፤ ቃል የማያጥራቸው እሳቸው ነበሩና። ጎረሱ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«አላህ ያጽናዎት፣ ጋሽ ታደሰ» አሉት።

ራሱን ነቀነቀላቸውና ጋቢው ውስጥ የቀረችውን ብርቱካን መላጥ ጀመረ።